አራሚ ይፈለጋል

ማስታወቂያውን ያመጣችለት እህቱ ናት። ከፖስታ ቤቱ ግድግዳ ላይ ገንጥላ፣ አጣጥፋ፣ መርፌ መስኪያዋ ላይ ወግታ አመጣችውና ገና ምሳውን ሳይጨርስ ከፊቱ ዘረጋችው።

«በል አንብበው። ላንተ ተብሎ የተጻፈ ነው» አለችው።

አነበበው። «አራሚ ይፈለጋል። ዓይኑ ንቁ፣ እጁ ረጋ ያለ፣ አንድ ነገር ላይ ጎንበስ ብሎ ሲውል የማይሰለቸው።» ከዚያ በታች ወረቀቱ ተቦጭቋል። እህቱ እንደ ልማዷ በጥድፊያ ስትገነጥለው የመጨረሻው መስመር እዚያው ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

«ከታች ምን ይል ነበር?»

«አድራሻ ነዋ! እሱን በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ዓሣ ማራገፊያው ጀርባ ነው። አሁን ምን ታፈጥብኛለህ? ሸሚዝህን አውልቅና ልተኩስልህ።»

ወንድሟ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በማተሚያ ቤት የጽሑፍ አራሚ ሆኖ ሠርቷል። ማተሚያ ቤቱ ተዘግቶ ሠራተኛው ከተበተነ ወዲህ ግን ከእህቱ የልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለችው ክፍል ተከቶ ይውላል። ሥራ ፈታ እንዳይባል፣ የጨርቅ መጠቅለያ ሆነው የሚመጡትን አሮጌ ጋዜጦች እያነሣ ስሕተታቸውን በቀይ እስክሪብቶ ይለቅማል። እህቱ ስታየው አንጀቷ ይንሰፈሰፋል፤ አፏ ግን አይተወውም። «ጋዜጣውን ያነበቡት ሰዎች አርጅተዋል፤ አሁን ለማን ነው የምታቀናው?» ትለዋለች።

አራሚነት ምስጋና አያውቀውም። ሺህ ቃል አቅንቶ አንዲት ፊደል ብታመልጠው፣ በማግሥቱ ስሙ የሚነሣው በዚያችው በአንዲቷ ነው። ስሙ ካልተነሣ ሥራው ሰምሮለታል ማለት ነው። እሱም ይህን ለምዶት፣ ስሙ ሳይነሣ መኖርን እንደ ሙያ ይዞት ነበር።

ዓሣ ማራገፊያው ጀርባ ያለው ቤት ወለሉ እርጥብ ነው። በግድግዳው ዙሪያ የውኃ ገንዳዎች ተደርድረዋል፤ ገንዳዎቹ ውስጥ ጥቋቁር እሾሃም ኳሶች ተለጥፈዋል። እሱ ግን ነገሩን ልብ አላለውም። ጣሪያው በሚያፈስ ማተሚያ ቤት የኖረ ሰው እርጥብ ወለል አያስደነግጠውም። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ቀይ እስክሪብቶውን ሰክቶ ቀጥ ብሎ ቆመ።

አለቃዋ ፀጉሯ ወደ ላይ የቆመ፣ ንግግሯ ቆረጥ ቆረጥ ያለ ሴት ናት። ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ጠላቂ መረብ እየጠገኑ ተቀምጠዋል። አንዴ ማውራት ከጀመሩ ስለማያባሩ የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ዝምታ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል።

«አራሚ ነህ?» አለች አለቃዋ።

«አዎ፣ አራሚ ነኝ።»

«ስንት ዓመት ሠራህ?»

«አሥራ አንድ።»

ቅንድቧን አነሣች። «አሥራ አንድ ዓመት! እኛ እንኳ ገና መጀመራችን ነው። በቀን ምን ያህል ትጨርሳለህ?»

«እንደ አመጣጡ ነው። በጣም የተበላሸ ከሆነ ከሃያ አላልፍም። ንጹሕ ከሆነ ግን ሰማንያም እደርሳለሁ።»

«ሰማንያ! ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

ጋሽ ዝምታ መረባቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ላይ ላዩን ነው ወይስ እስከ ሥሩ ትወርዳለህ?» ጠየቀች አለቃዋ።

እንዲህ ያለ ቁም ነገር ጠይቆት የሚያውቅ ሰው አልነበረምና ደስ አለው። «ላይ ላዩንማ ማን ያቅተዋል! እኔ አንድም አልዘልም። ደግሞ ከመጨረሻው ተነሥቼ ወደ ኋላ ነው የምሄደው። ከፊት ሲሄዱ ዓይን ይታለላል።»

አለቃዋ ወደ ጋሽ ዝምታ ዞር ብላ «ሰሙ?» የሚል አስተያየት ጣል አደረገችባቸውና ተመለሰች። «ትንፋሽህስ እንዴት ነው?»

«ትንፋሼ?»

«ሳትተነፍስ ስንት ደቂቃ ትቆያለህ?»

ትንሽ አሰበ። ማተሚያ ቤት እያለ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ከዋናው ጽሑፍ ጋር የሚያመሳክርበት ጊዜ ነበር። «እውነቱን ለመናገር፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ትንሽ ይቸግረኛል» አለ።

የገንዳው ውኃ ብቻ ይንቆረቆራል። ከዚያ ጋሽ ዝምታ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሆዳቸው፣ በመጨረሻ በመላ አካላቸው ሣቁ። «ልጄ! ልጄ! አንተ የወረቀት አራሚ ነህ እንዴ? እኛ የፈለግነው የባሕር አራሚ ነው! አረም ነቃይ! ሆዴን! ሆዴን!»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው።

«ማስታወቂያው ላይ እኮ ‹ዋና የሚችል› ይላል» አለች አለቃዋ፤ እሷም ሣቋን ነክሳ ይዛለች።

«የኔው ላይ አይልም» ብሎ የተቦጨቀውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። ጋሽ ዝምታ ወረቀቱን ሲያዩ እንደገና ፈነዱ።

ይቅርታ ብሎ ሊወጣ ዞር ሲል ነው ከበሩ አጠገብ የተሰቀለውን ካርታ ያየው። የከተማው ዳርቻ ተሥሏል። ከዳርቻው ፊት ለፊት፣ ባሕሩ ውስጥ፣ አንድ መስመር እንደ አጥር ተዘርግቷል። መስመሩ ለአሥር ተከፍሎ ሰባቱ አረንጓዴ ተቀብተዋል፤ ሦስቱ በጥቁር ተሰርዘዋል። ከተሰረዙት በአንዱ ትይዩ ያለችው ቀጭን መንገድ የእህቱ ሱቅ ያለችባት መንገድ ናት።

«ይኼ ለምን ተሰረዘ?» ሲል ጠየቀ፣ ኀፍረቱን ረስቶ።

አለቃዋ ተነሥታ አጠገቡ መጣች። «ኮራል ነው። ሰው ድንጋይ ይመስለዋል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እንስሳት አንዱ ባንዱ ላይ ቤት እየሠሩ ያቆሙት አጥር። ማዕበሉ ከተማው ውስጥ ሳይገባ የሚሰብርላችሁ እሱ ነው። አንድ ድርጅት ከሩቅ ባሕር አልጌ የሚሉትን የባሕር ሣር አምጥቶ በገመድ አስሮ ያለማ ነበር፤ አድርቆ ሊሸጠው። ገበያው ሲከዳው ጥሎት ሄደ። ገመዱ ተበጠሰ፣ አልጌው ቀርቶ አረም ሆነ። ባሕሩ ደግሞ ከዓመት ዓመት እየሞቀ ነው። ሙቀቱ ለአረሙ ይስማማዋል፣ ኮራሉን ግን ያሳምመዋል። አረሙ እላዩ ላይ ይተኛና ብርሃን ይነሳዋል። ሙቁ ውኃ ሲመጣ፣ ጽዱ የሆነው ኮራል ታሞ ሊድን ይችላል። አረም የለበሰው ግን አይነሣም።»

«እነዚህ ሦስቱስ?»

«እጅ የለንም። ሰባቱን ለማትረፍ ሦስቱን ተውናቸው።»

አምና ማዕበሉ እስከ እህቱ ሱቅ ድረስ ዘልቆ ገብቶ ነበር። ውኃው ጉልበት ደርሶ፣ ስንት ጣቃ ጨርቅ በጨው አበላሽቶ ተመለሰ። እህቱ «ባሕሩ ልብስ ሊያሰፋ መጥቶ ልኩን ሳይሰጠኝ ሄደ» እያለች ጎረቤቱን ስታስቅ ሰነበተች። ማታ ግን መጋረጃውን ጋርዳ ስታለቅስ ሰምቷታል። ያን ጊዜ አጥሩ ገና በሕይወት ነበር። አጥሩ ቢሞትስ?

እጁ ሳያማክረው ደረት ኪሱ ውስጥ ገባ። ቀዩን እስክሪብቶ አወጣና ከተሰረዘው ክፍል ሥር ነጥብ፣ ነጥብ፣ ነጥብ አደረገ።

«ምን እያደረግክ ነው?»

«በኛ ሙያ የተሰረዘ ነገር ሥር ነጥብ ከተደረገ ‹ይቆይ› ማለት ነው» አለ። «ይኼን ለኔ ስጡኝ። ዋና ልጅ ሆኜ እችል ነበር።»

«አንድ ሰው ይህን ሁሉ የዘንድሮው ሙቀት ሳይደርስ አይጨርሰውም።»

«ልጀምረው ብቻ።»

«ስጪው አለቃ!» አሉ ጋሽ ዝምታ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሌላ ነገር ባይሆንለት ነጥብ አይረሳም!»

አለቃዋ ነጥቦቹን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ወደ ገንዳዎቹ ጠቆመች። «እነዚህ የባሕር ጃርት ናቸው። ትልቁን አረም አይችሉትም፤ ቡቃያውን ግን አይምሩትም። ያጸዳኸው ቦታ ላይ እነሱን እለቅልሃለሁ። ካላጸዳኸው ግን አንድም ጃርት የለህም። ተግባባን?»

ተግባቡ።

እህቱ ወሬውን ስትሰማ በሣቅ ፍርስ አለች። «እና የኔ ጌታ፣ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ይቸግረኛል አልካት?» እያለች ጭኗን ትመታለች። ሣቋ ሲበርድላት ግን «የትኛው ነው የሰጡህ?» አለችው።

«በራችን ፊት ያለው።»

የልብስ ስፌት መኪናዋን ገፋ አደረገችና ከመደርደሪያው ጠንካራ የመረብ ጨርቅ አወረደች። በማግሥቱ ሥራ ሲወጣ ከወገቡ የሚታሰር ከረጢት ሰፍታ አቆየችው። አፉ ጠባብ ነው፤ ከውስጥ ደግሞ እንደ እጅጌ የሆነ ጨርቅ አለው። የገባ ነገር ተመልሶ አይወጣም። «ከዚህ ውስጥ ያመለጠ አረም ካለ፣ እኔን ልብስ ሰፊ ብለህ እንዳትጠራኝ» አለችው።

የመጀመሪያውን ቀን ባያነሡበት ይመርጣል። ዋናውን እጁና እግሩ አልረሱትም። የመተንፈሻውን ቱቦ ነክሶ በመነጽሩ ወደ ታች ሲያይ፣ የተሰጠው ክፍል ቀለም የተደፋበት ገጽ መሰለው። እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ፣ እርስ በርሱ የተጠላለፈ አረም አለቱን ከዳር እስከ ዳር ለብሶታል። እልህ ያዘው። በሁለት እጁ እየጨመደደ ይመነግለው ጀመር። ውኃው በብጥስጣሽ ተሞላ።

አንድ እጅ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ጎተተው። ጋሽ ዝምታ ናቸው።

«አንተ! እያረምክ ነው እየዘራህ?» ብለው ጮኹበት፣ ሁለቱም ብቅ እንዳሉ። «እያንዳንዷ ብጣሽ እኮ ሄዳ ትበቅላለች! አንዱን ነቅለህ መቶ ተከልክ!»

ይህን በሽታ ያውቀዋል። ማተሚያ ቤትም አንዱን ስሕተት ሲያቀኑ ሌላ ሦስት የሚጨምሩ ነበሩ። እሱ ያኔ እንዴት ነበር የሚሠራው? ካርቶን መሐሉን በጠባቡ ቀድዶ ገጹ ላይ ያኖርና አንዲት መስመር ብቻ እንድትታየው ያደርግ ነበር። ማታ ከሽቦ አራት ማዕዘን አጠፈ። ከዚያን ቀን በኋላ ሽቦውን ኮራሉ ላይ ያኖረዋል፤ ከሽቦው ውጭ ያለው ለሱ የለም። በግራ እጁ የከረጢቱን አፍ ያስጠጋል፣ በቀኙ አረሙን ከሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ይመዝዘዋል፤ ብጣሹን አንድ ባንድ ይለቅማል። ከሩቁ ጫፍ ተነሥቶ ወደ መሐል ይመጣል።

ቀርፋፋ ነበር፤ ከሁሉም የባሰ ቀርፋፋ።

«አለቃ!» ይላሉ «ቀይ ቀለም» ብለው ስም ያወጡለት ጋሽ ዝምታ ከጀልባው ላይ፣ «ቀይ ቀለም ዛሬ አንዲት ቃል ጨረሰ! ነገ ደግሞ ነጠላ ሰረዝ ያርማል!»

«ሣቁ ጋሼ፣ ሣቁ» ይላል እሱ። ሳይታወቀው እሱም ይሥቅ ነበር።

ጀልባዋ ላይ አንድ ልማድ አለ። ጠላቂው ከረጢቱን ሲያቀብል፣ ተቀባዩ «እጅህ ይባረክ» ይላል። የመጀመሪያዋን ከረጢት ሲያቀብል አለቃዋ ራሷ ተቀብላው «እጅህ ይባረክ» ስትለው ክው አለ። «ይቅርታ» አለ።

«ይቅርታ?» ጋሽ ዝምታ ጮኹ። «ሰው ሲመርቅህ ይቅርታ ትላለህ? አሜን በል እንጂ!»

«አሜን» አለ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ያን ቀን ወደ ቤቱ ሲሄድ መንገዱን ሙሉ ቃሏን ሲያመላልሳት ነበር። ቀላል ቃል ናት። ማንም ለማንም የሚላት ናት። ግን አሥራ አንድ ዓመት ሠርቶ አልሰማትም ነበር።

ከአረሙ ሥር ያገኘውም ሌላ ነገር ነበር። ሙት ድንጋይ ጠብቆ አንዱን ጥቅጥቅ ያለ ክምር ሲገልጠው፣ ከሥሩ ማር የመሰለ ቀለም ወጣ። ቀርቦ ሲያየው ገጹ ሁሉ በጥቃቅን አፎች ተሞልቷል፤ ብርሃን ሲያገኙ ተከፈቱ። ያ ሁሉ ሸክም ተጭኖባቸው ኖረዋል። ሽቦውን ይዞ ለረጅም ጊዜ እዚያው ተንሳፈፈ።

በክፍሉ መሐል ደግሞ እንደ ጉልላት ክብ የሆነ ትልቅ ኮራል አለ። ጋሽ ዝምታ «እማማ» ይሉታል። «ማዕበሉን መጀመሪያ በደረታቸው የሚቀበሉት እሳቸው ናቸው» ብለውታል። «አደራ፣ አንቱ በላቸው። ከሁላችንም የሚበልጡ ናቸው፤ እኔ ልጅ ሆኜም እንደዚሁ አሮጊት ነበሩ።» እማማም አረም ለብሰዋል። ከሩቁ ጫፍ ሲመጣ፣ የሚደርስባቸው በስተመጨረሻ ነው።

ግን ሙቀቱ ቀደመው። አለቃዋ ጠዋት ጠዋት ቴርሞሜትሯን ከውኃው ስታወጣ ፊቷን ማየት ይበቃ ነበር። አንድ ቀን ግንባሯን ቋጠረች፣ ቴርሞሜትሩን ጠርጋ አስቀመጠችና አጠገቡ መጥታ ተቀመጠች።

«ቀድሞ መጣ» አለችው። «ያንተ ክፍል ገና ግማሽም አልሞላ። ከነገ ጀምሮ ወደ ሰባቱ ና፤ ጃርት የሚበትን እጅ ያስፈልገኛል። አዝናለሁ።»

ጉልበት ያህል ውኃ የቆመበት ሱቅ ታየው። ግን ልክ ነበረች።

«የሠራኸውን ግን ሳላየው አልቀርም» ብላ መነጽሯን አጠለቀችና ወረደች። ቆየች። ስትወጣ የጀልባውን ጠርዝ ይዛ ወደ ታች አየች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ ጋሽ ዝምታ።

«አንድ ቡቃያ እንኳ አላገኘሁበትም። አንድ!» ከዚያ ወዲያው ፊቷ ጠቆረ። «ግማሹ እንደዚህ ጸድቶ ግማሹ እንደዚያ ከቀረ ደግሞ ተመልሶ ይውጠዋል። ልፋቱ ነው የሚያናድደኝ።»

ጋሽ ዝምታ ጢማቸውን አሹ። «ነገ ዕረፍቴ ነው» አሉ።

«እና?»

«እናማ ዕረፍቴን የት እንደማሳልፍ አንቺ አትነግሪኝም። እዚህ ጋ መዋኘት አምሮኛል። እነዚያ ሁለቱ ጎረምሳ ጠላቂዎችም ሲዋኙ እንዲውሉ ጨጓራቸውን እልጣለሁ።»

በማግሥቱ ጠዋት ወደቡ ላይ ሲደርስ ጀልባዋ ጢም ብላ ሞልታለች። ጋሽ ዝምታ አሉ፣ ሁለቱ ጠላቂዎች አሉ፣ ከኋላ ደግሞ የጀልባውን ጠርዝ በሁለት እጇ ቆንጥጣ እህቱ ተቀምጣለች። ከጎኗ የሰፈሩ ሴቶች ተደርድረዋል፤ ፀጉር ሠሪዋ፣ ዳቦ ሻጯ፣ የፎቶ ቤቱ ባለቤት እናት።

«እትዬ! አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

«ምን ልሥራ ትለኛለህ? ሰው የኔን በር ሲያርምልኝ ቁጭ ብዬ ላይ ነው?» አለች፤ ጀልባዋ ወዝወዝ ስትል ዓይኗን ጨፈነች። «ጋሼ ነግረውኛል። አረሙ ከወጣ በኋላ ውስጡ የተደበቁትን ነፍሳት እየለቀሙ ወደ ውኃው የሚመልስ ያስፈልጋል አሉ። ክር ከክር መለየት ከኛ ወዲያ ላሳር ነው!»

ቀኑን ሙሉ ከታች አራት ሆነው ነቀሉ፤ ከላይ ሴቶቹ ለቀሙ። ጋሽ ዝምታ እንኳ ሳያወላውሉ ሽቦ አጥፈው እንደሱ ቀስ ብለው ሠሩ። ከውኃው ብቅ ባለ ቁጥር የሴቶቹን ጩኸትና ሣቅ ይሰማል።

«ኧረ ነከሰችኝ! ወንድምዬ፣ የምታድናት ይቺን ክፉ ነው?» አለች እህቱ የጥፍር ያህል ሸርጣን ከጣቷ ላይ እያራገፈች።

«ኪራይ ስለጠየቅሻት ነው!» አለች ዳቦ ሻጯ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም መጡ። የቻለ ጠዋት፣ ያልቻለ ከሰዓት። ሥራው ካለቀበት ቦታ አለቃዋ ባልዲ ባልዲ ጃርት ይዛ ደረሰች። ጃርቶቹ ለሰባቱ ክፍሎች ያደጉ መሆናቸውን እሱ ስለሚያውቅ ዓይኖቹ ባልዲው ላይ ቀሩ።

«ምን ታየኛለህ? ከየገንዳው ትንሽ ትንሽ ነው የቀነስኩት» አለችው።

«አለቃ... እኔ እኮ...» በዚህ ዓለም ላይ ስንት ቃል አቅንቷል፤ የራሱ ቃል ግን ሲያስፈልገው አልመጣለትም።

«ዝም ብለህ ተቀበለኝ። ከሥሩ ያዘው፣ እንዳይወጋህ።»

ጃርቶቹን አንድ ባንድ እማማ ጫፍ ላይና ዙሪያቸውን አስቀመጣቸው። ሁሉም ተጸዳ ማለት ይቻላል። በስተግራ በኩል አንድ ጥግ ብቻ ቀረ። እሱ ጋ ሳይደርሱ ሙቀቱ ደረሰ።

ባሕሩ የገላ መታጠቢያ ውኃ ሆነ። እጅ ሲነክሩት የሚያስደስት፣ ሲያስቡት የሚያስፈራ። የኮራሉ የማር ቀለም ደበዘዘ፣ ገረጣ፣ ከዚያ ነጣ። አንድ ጠዋት ሲወርድ እማማ ከጫፍ እስከ ግርጌ ነጭ ሆነው አገኛቸው። ሲወጣ መነጽሩን ከፊቱ ላይ ሳበው።

«ሞቱ» አለ።

«ነጭ ማለት ሞተ ማለት አይደለም» አለች አለቃዋ። «ኮራሉ ውስጥ ምግብ የሚሠሩለት፣ ቀለም የሚሰጡት ጥቃቅን ተከራዮች አሉ። ሲሞቃቸው ጥለውት ይወጣሉ። ስለዚህ አሁን ርቦታል ማለት ነው። ውኃው ቶሎ ከበረደ፣ ባዶውን ቤት ደግሞ አረም ካልቀማው፣ ይመለሳሉ።»

«እስከዚያ ምን እናድርግ?»

«ምንም። የታመመ አይነካካም።»

እህቱ ሱቋ በር ላይ ወንበር አውጥታ ባሕሩን እያየች መስፋት ጀመረች። አንዱን ሱሪ ሁለት ጊዜ ፈትታ ሰፋችው። እሱ ደግሞ በየቀኑ ለማየት ብቻ ይወርዳል። ጃርቶቹ ሥራ አልፈቱም። ማደሪያቸውን ለቀው በእማማ ነጭ ገላ ላይ እየዞሩ ብቅ ያለችውን ቡቃያ ሁሉ ግጠዋታል፤ ያለፉበት መንገድ በብሩሽ የተፈተገ ይመስላል። በቱቦው ውስጥ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» ይላቸዋል፤ የሚሰማው ግን የራሱን ጉርምርምታ ብቻ ነው። ወደ ጥጉ ሲያይ፣ እዚያ ነጩ ገላ ላይ አረሙ እየተጎተተ ሲወጣ ያያል፤ ፊቱን ያዞራል።

በመጨረሻ ነፋሱ ዞረ። ደመና መጣ፣ ዘነበ፣ ደግሞ ዘነበ። አለቃዋ ቴርሞሜትሯን ዓይኗን አጥብባ አየችው። ገና ነው፣ ገና ነው እያለች ሰውን ሁሉ አስጨነቀች። ውኃው ጥርት ያለ ዕለት «በል ውረድ» አለችው። ጋሽ ዝምታ ሞተሩን ሳያጠፉት ቆሙ፤ ሞገዱ ጀልባዋን ወደ አለቱ ይገፋት ነበርና። እህቱም መጥታለች። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ተቀምጣለች።

ወረደ። እማማ አሁንም ነጭ ናቸው። ዞረ፣ በስተጀርባቸው ዞረ፣ ወደ ታች ተዘቀዘቀ። እጥፋታቸው ውስጥ፣ ብርሃኑ ገባ ወጣ በሚልበት፣ ወተት ላይ ሻይ ጠብ ያለች የመሰለች ቡኒ ጥላ አየ። ጥላ መሰለችው። እጁን ጋርዶ አየ፤ እጁን አንሥቶ አየ። ጥላ አይደለችም። ከላይ ሌላ አለ። በጎን ሌላ አለ። ጥቃቅኖቹ አፎች እንደገና ተከፍተዋል።

ቱቦውን መንከሱን ረስቶ ሣቀ። የጨው ውኃ አፉን ሞላው። እየተንፈራገጠ ወጥቶ የጀልባውን ጠርዝ ጨበጠ፤ እየሳለ፣ እንባውና ንፍጡ ተደባልቆ። አራት እጅ ትከሻውን ያዘው።

«ምንድን ነው? ተናገር እንጂ!» አለች አለቃዋ፤ ፊቷ ዐመድ መስሏል።

ሳሉ አላናግር አለው። ራሱን ነቀነቀ፣ ምን ማለቱ እንደሆነ ማንም አላወቀም። እንደ ምንም ትንፋሹን ሰብስቦ «አሉ!» አለ።

እህቱ በሞተሩ ድምፅ መሐል አልለየላትም። ነጠላዋን ከፊቷ አውርዳ «ምን አሉ?» አለች።

አለቃዋ ዓይኖቿን ጨፍና ግንባሯን የጀልባው ጠርዝ ላይ አስደገፈች፤ እሷስ ሰምታለች። ጋሽ ዝምታ ሊያርሟት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ በዓይኑ ከለከላቸው።

«ክበሩልኝ አሉ» አላት።

«አሜን!» አለች እህቱ፤ ከዚያ አለቀሰች፤ ከዚያ ሣቀች። «እሳቸውም ይክበሩልን። እዚያች ጥግ ላይስ ምን ይላሉ?»

ጥጉ እንደሞተ ሁሉም ያውቁታል፤ በዚያች ቀዳዳ ዘንድሮ ውኃ መግባቱ አይቀርም። ግን ሲገባ ምላስ ያህል ነው የሚገባው፤ እስከ ጉልበት አይደርስም። አለቃዋ ቀና አለችና ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ሞተም አልሞተም፣ እዚያ ያለው አረም ወደዚህ እንዳይመጣ ዛሬውኑ መነቀል አለበት» አለች።

ጋሽ ዝምታ መሪውን ጠመዘዙ። እሱ መነጽሩን አጥቦ እንደገና አጠለቀ፣ የከረጢቱን ገመድ ከወገቡ ጠበቅ አደረገ፣ ጀልባዋም ወደ ጥጉ ዞረች።